ረምዚ አንጎሉን ያሠለጠነ ዕለት

[ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር። ከቀትሩ እረፍት በኋላ ሱቆች ገና መከፈታቸው ነው። ከድሬዳዋ መጥተው ሠላሳ ዓመት እዚህ ጨርቅ የሸጡት ዓብዱልመጂድ፣ ቤታቸው ሸለብ አድርገው ተመልሰው ሱቃቸው መሀል ቆመዋል። ትናንት በባቡር ናጋድ ጣቢያ የደረሰው የእህታቸው ልጅ ረምዚ መሰላል ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እናቶች ለልጆቻቸው ሠርግ ቀስ በቀስ እየገዙ ሱቁ ውስጥ በአደራ የሚያስቀምጧቸው ጥቅሎች በሙሉ ቦታ ቀይረዋል።]

ዓብዱልመጂድ፦ ቀዩ ለምን ከቀዩ ጋር ሄደ?

ረምዚ፦ አንጎል ቀለም ስለሚወድ ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ የማን አንጎል?

ረምዚ፦ የሁሉም ሰው አንጎል፣ አጎቴ። የእርስዎም ጭምር።

ዓብዱልመጂድ፦ እኔ ቀለም እወዳለሁ ብዬህ አላውቅም። ስለብስ የኖርኩት ነጭ ሸሚዝ ነው።

ረምዚ፦ እርስዎ ባይወዱም አንጎልዎ ይወዳል። እርስዎ ሌላ፣ አንጎልዎ ሌላ።

ዓብዱልመጂድ፦ ታዲያ ሱቁ የማንኛችን ነው?

ረምዚ፦ [በትዕግሥት] ቀስ ብሎ ይገባዎታል።

ዓብዱልመጂድ፦ ደግሞ ይሄ እርስዎ፣ እርስዎ ምን አመጣው? ድሬ ሳለህ አንተ ነበር የምትለኝ። እናትህን አንቺ፣ አባትህን አንተ ብለህ አይደል ያደግከው?

ረምዚ፦ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። ሰርተፊኬት የያዘ ሰው አነጋገሩም ይስተካከላል።

ዓብዱልመጂድ፦ የምን ሰርተፊኬት ነው?

ረምዚ፦ “አንጎልን ለትምህርትና ለሥራ መጠቀም” ይላል።

ዓብዱልመጂድ፦ ከዚያ በፊት በምን ነበር የምትሠራው?

ረምዚ፦ ይቀልዱ ግድ የለም። ለመሆኑ እዚህ ጭንቅላትዎ ውስጥ የባሕር ፈረስ እንዳለ ያውቃሉ?

ዓብዱልመጂድ፦ [ጭንቅላታቸውን ዳሰስ አድርገው] የቱ ጋ?

ረምዚ፦ ከጆሮዎ ገባ ብሎ። በግራም በቀኝም። ስሙ ሂፖካምፐስ ይባላል፤ ቅርጹ የባሕር ፈረስ ስለሚመስል ነው። አዲስ ነገር ሲያዩ፣ አዲስ ነገር ሲማሩ፣ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ ሁለት የባሕር ፈረስ። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ስኖር አንድም ሰው አልነገረኝም።

ረምዚ፦ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ዓብዱልመጂድ፦ የኔም?

ረምዚ፦ በአክብሮት ልናገርና፣ የእርስዎማ ዘቢብ ሆኗል።

ዓብዱልመጂድ፦ አልሐምዱሊላህ። እኔ ጭራሽ የለም የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

ረምዚ፦ ለዚህ ነው ሱቁን ያደራጀሁት። አንጎል በአንድ ጊዜ ከአራት ነገር በላይ መያዝ አይችልም። እርስዎ እዚህ ሃያ ሦስት ጥቅል ደርድረዋል፤ በአንዱም ላይ ስም የለም።

ዓብዱልመጂድ፦ ከአራት በላይ አይችልም?

ረምዚ፦ አይችልም።

ዓብዱልመጂድ፦ አምስት ልጅ አለኝ።

ረምዚ፦ እሱ ሌላ ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ እኔም ትንሹን አንዳንድ ጊዜ በታላቁ ስም የምጠራው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ረምዚ፦ አጎቴ፣ ስለ ስም ነው የማወራው። ለምን አይጽፉባቸውም?

ዓብዱልመጂድ፦ እንዴት እጽፋለሁ? ስም ከጻፍኩበት መንደሩ በሙሉ የማን ልጅ ልትዳር እንደሆነ፣ ስንት ድሪዕ ቀሚስ እንደተገዛላት ሲያወራ ይውላል። የሙሽራ ዕቃ ዓይን ይፈራል። እናቶቹ እኔ ጋ የሚያመጡት እኮ ስለማልጽፍ ነው።

ረምዚ፦ እና በምን ያውቁታል?

ዓብዱልመጂድ፦ ዕቃዋን ስታስረክበኝ ስልኬን አጠፋለሁ። ሌላ ደንበኛ ቢመጣ ጠብቅ እለዋለሁ። የት እንደምናስቀምጠው አብረን እናያለን፤ ራሷ በእጇ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ማታ ጋደም ስል ዓይኔን ጨፍኜ ከበሩ ጀምሬ ሱቁን እዞረዋለሁ። ይሄ የማን ነው፣ ያኛው የማን ነው እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። የጠፋኝ ካለ ጠዋት መጥቼ አያለሁ። ሌላ ምን አለው?

ረምዚ፦ [ፈገግ ብሎ] አይ አጎቴ። ይሄ ልማድ ነው፤ ሳይንስ አይደለም።

ዓብዱልመጂድ፦ ሳይንሱ ምን ይላል?

ረምዚ፦ [ስልኩን እያነበበ] “አንድ ነገር በሚገባ ለመያዝ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሥሩ። ደጋግሞ ከማየት ይልቅ ሳያዩ ራስን መጠየቅ ይበልጣል። በተለይ ከመተኛት በፊት፤ ምክንያቱም አንጎል ቀን ያገኘውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው።”

ዓብዱልመጂድ፦ እኔ ምን አልኩ?

ረምዚ፦ እርስዎ ያሉት በተራ አማርኛ ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ አንተስ ትተኛለህ?

ረምዚ፦ ስለ እንቅልፍ ጥቅም ሳነብ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

ዓብዱልመጂድ፦ ዓይንህ አስታወቀ። ይሁን፤ የተደረደረው ተደርድሯል። አሁን የሐናንን ጥቅል አውርድልኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት ትመጣለች።

[ረምዚ ከመሰላሉ ዘልሎ ይወርዳል። ሸሚዙን ያስተካክላል።]

ረምዚ፦ ዛሬ ነው እንዴ?

ዓብዱልመጂድ፦ ለምን ከድሬ የመጣህ መሰለህ? ያክስትህ ልጅ ሠርግ ላይ የሐናንን ልጅ ሀያን አይተህ “ከሷ ሌላ አላገባም” ብለህ እናትህን ያስጨነቅከው አንተ ነህ። እኔ ሐናንን ለምኜ፣ ባለፈው ሳምንት “ልጁን ልየው፤ ጨዋ ከሆነ ልጄን እሰጣለሁ” አለችኝ። ለወሬ እንዳይመች ዕቃዬን ልወስድ ነው ብላ ነው የምትመጣው። ዋናው ግን አንተን ልታይ ነው።

ረምዚ፦ ልቤ መታ። እስኪ ስለሷ ይንገሩኝ፤ ፎቶዋን እንኳ አላየሁም።

ዓብዱልመጂድ፦ ፎቶ አትወድም። ባሏ ከሞተ በኋላ ዋራበሌ ሰፈር ሦስት ሱቅ ብቻዋን ያቆመች ሴት ናት። ብዙ አታወራም፤ ትጠይቃለች። ይኸው ነው። አሁን ጥቅሏ ከጠፋ ደግሞ አንተም ጠፋህ፣ እኔም ከሰው በታች ሆንኩ። ሀያ ከተወለደች ጀምሮ የሰበሰበችው ነው።

ረምዚ፦ ጥቅሏ ሊጠፋ? እንዲያውም የሷን ለብቻ፣ በልዩ ዘዴ ነው ያስቀመጥኩት።

ዓብዱልመጂድ፦ እሰይ። የት ነው?

ረምዚ፦ ዘዴው “የትዝታ ቤት” ይባላል። በደንብ የሚያውቁትን ቤት በሐሳብዎ ይሥላሉ። ከዚያ ሊረሱት የማይፈልጉትን ነገር ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ያስቀምጡታል። ባሰኘዎት ጊዜ በሐሳብ ቤቱ ገብተው ያዩታል። ቦታ ደግሞ አንጎል አይረሳም።

ዓብዱልመጂድ፦ ጥሩ ነው። የት ነው?

ረምዚ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ። እናቴ ቤት። በሩን ከፈትኩ። ሳሎን ገባሁ። ይኸው፣ ፍሪጁ ላይ ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ ፍሪጁ ላይ።

ረምዚ፦ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ከጎኑ የሻይ ፔርሙዝ አለ።

ዓብዱልመጂድ፦ ጥቅሉን ድሬዳዋ ላክኸው?

ረምዚ፦ ኧረ በሐሳብ ነው፣ አጎቴ።

ዓብዱልመጂድ፦ እሺ፣ በሐሳብ ፍሪጁ ላይ ነው። በእጅስ የት ነው ያስቀመጥከው?

[ረምዚ ዓይኑን ይገልጣል። መደርደሪያዎቹን ያያል። መልሶ ይጨፍናል።]

ረምዚ፦ ፍሪጁ ላይ።

ዓብዱልመጂድ፦ እኛ ፍሪጅ የለንም።

ረምዚ፦ እሱን ነው ያልሣልኩት።

ዓብዱልመጂድ፦ ለእናትህ ልደውልላት?

ረምዚ፦ ለምን?

ዓብዱልመጂድ፦ ቀና ብላ ፍሪጁ ላይ እንድታይልን።

ረምዚ፦ እርስዎ ነገሩን አልተረዱትም። አይጨነቁ፣ አረንጓዴዎቹን ሁሉ አውርጄ አገኘዋለሁ።

ዓብዱልመጂድ፦ ለምን አረንጓዴ?

ረምዚ፦ የወይዘሮ ሐናን አረንጓዴ አይደል?

ዓብዱልመጂድ፦ የሐናን ሰማያዊ ነው። በነጭ ገመድ የታሰረ፣ ቋጠሮው በጎን የሆነ። ትናንት ከባቡር እንደመጣህ በጣቴ አሳይቼሃለሁ።

ረምዚ፦ ሲያሳዩኝ እያነበብኩ ነበር።

ዓብዱልመጂድ፦ ምን?

ረምዚ፦ ስለ ትኩረት።

[ዓብዱልመጂድ ወደ ሰማያዊዎቹ ሄደው በእጃቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ደግመው ይቆጥራሉ። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።]

ዓብዱልመጂድ፦ ሰማያዊ አራት ነበር። አሁን ሦስት ነው። የሌለው የሐናን ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሰው መጥቶ ነበር?

ረምዚ፦ ሰው? ማንም አልመጣም።

ዓብዱልመጂድ፦ ማንም?

ረምዚ፦ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። የመዝጊያው ግማሽ ክፍት ስለነበር ገቡ።

ዓብዱልመጂድ፦ ጥቅል ወሰዱ?

ረምዚ፦ አንዱን የኔ ነው አሉ። ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ትክክል ነበር፤ ሰጠኋቸው።

ዓብዱልመጂድ፦ ምን ቀለም?

ረምዚ፦ እሱን አላየሁም። የሥልጠናውን ቪዲዮ እየተከታተልኩ ነበር።

ዓብዱልመጂድ፦ ስማቸውስ?

ረምዚ፦ አልነገሩኝም። ቢነግሩኝ እንኳ ምስል ሠርቼለት እይዘው ነበር።

ዓብዱልመጂድ፦ ወላሂ ባይነግሩህ ይሻላል፤ ጭራሽ ወደ ድሬዳዋ ይዘሃቸው ትሄድ ነበር። ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ዓይንህን ጨፍን።

ረምዚ፦ ወደ ትዝታ ቤቱ ልግባ?

ዓብዱልመጂድ፦ እናትህን ተዋት፣ ታርፍ። ወደዚህ ሱቅ ግባ። ሰዓቱ ስንት ነበር?

ረምዚ፦ ጫት የገባ ጊዜ። የመኪናዎቹ ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ።

ዓብዱልመጂድ፦ ሰባት ሰዓት ግድም ማለት ነው። የት ተቀመጡ?

ረምዚ፦ ይሄ ወንበር ላይ። ሽቷቸው ደስ ይላል፤ ዑድ ነገር።

ዓብዱልመጂድ፦ አንተስ የት ነበርክ?

ረምዚ፦ መሰላሉ ላይ።

ዓብዱልመጂድ፦ ተነሥተህ ወርደህ ሰላም ስትላቸው ምን አሉህ?

ረምዚ፦ አልወረድኩም። ሥራ አቋርጦ እንደገና መጀመር አንጎልን ያደክማል። ከላይ ሆኜ ነው ያነጋገርኳቸው።

ዓብዱልመጂድ፦ [ላባቸውን እየጠረጉ] ቀጥል።

ረምዚ፦ “ልጄ፣ ውሃ ይኖርሃል? ሙቀቱ አደከመኝ” አሉኝ።

ዓብዱልመጂድ፦ ሰጠሃቸው?

ረምዚ፦ ውሃ ለአንጎል ያለውን ጥቅም ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

ዓብዱልመጂድ፦ ውሃውንስ?

ረምዚ፦ ጥቅሙን ሳልጨርስ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄዱ። ጠያቂ ሴት ናቸው። የማን ልጅ ነህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ስንት ወንድም አለህ፣ ትሰግዳለህ ወይ፣ ጅቡቲ ትቀራለህ ወይስ ትመለሳለህ። ወሬ የሚወድ ሰው አለ አይደል?

[ዓብዱልመጂድ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ያነሣሉ።]

ዓብዱልመጂድ፦ ሁሉንም ጠየቁህ?

ረምዚ፦ ሁሉንም። እንዲያውም ሳዝንላቸው ዋልኩ። ያባቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለቴ እሺ ብዬ መለስኩ። በሦስተኛው ይሄ ነገር ጤና አይደለም ብዬ ፈተና ሰጠኋቸው።

ዓብዱልመጂድ፦ የምን ፈተና?

ረምዚ፦ የማስታወስ። አምስት ቃል እነግራቸዋለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደግሙልኛል።

ዓብዱልመጂድ፦ ደገሙት?

ረምዚ፦ አምስት ቃል አሉ። ትክክል መሆኑን ግን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ዓብዱልመጂድ፦ ለምን?

ረምዚ፦ ቃላቱ ጠፉኝ።

ዓብዱልመጂድ፦ ያ ረቢ። ከዚያ ወደቁ አልካቸው?

ረምዚ፦ በለዘበ ቋንቋ ነው የነገርኳቸው። “እናቴ፣ አይደንግጡ፣ በርስዎ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። አንጎልዎ የድሮውን ይዟል፤ የቅርቡን ግን አይዝም። ያባቴን ስም የሚደጋግሙት ለዚህ ነው” አልኳቸው።

ዓብዱልመጂድ፦ ምን አሉ?

ረምዚ፦ ሳቁ። ሳቅ ደግሞ አንዱ ምልክት ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ የምን ምልክት?

ረምዚ፦ እሱ ቪዲዮው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያለው፣ አልደረስኩበትም።

ዓብዱልመጂድ፦ ልጅ አላቸው ወይ? አልነገሩህም?

ረምዚ፦ አንዲት ልጅ አለችኝ አሉ። “ልድራት እያሰብኩ ነው፣ ምን ትለኛለህ?” ብለው ምክር ጠየቁኝ።

ዓብዱልመጂድ፦ [በቀስታ] ምክር ጠየቁህ።

ረምዚ፦ አዎ። ሰው ሥልጠና ሲወስድ ፊቱ ላይ ይታወቃል መሰለኝ።

ዓብዱልመጂድ፦ እና ምን ብለህ መከርካቸው?

ረምዚ፦ እውነቱን። “በዚህ አእምሮ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ብቻዎን አይወስኑ። አንድ የተማረ ሰው ያማክሩ” አልኳቸው።

ዓብዱልመጂድ፦ እሳቸውስ?

ረምዚ፦ “እውነትህን ነው ልጄ፣ ደግ ጊዜ ነገርከኝ” ብለው ጥቅላቸውን ይዘው ሄዱ። በር ላይ መኪና ይጠብቃቸው ነበር። ይኸው፣ ሁሉንም አስታወስኩልዎ። ዘዴው ይሠራል ማለት ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ ዘዴው ይሠራል። ያንተን እንጃ።

ረምዚ፦ ምን አስጨነቀዎት? አሮጊቷን ፈልገን እናገኛቸዋለን። ጥቅሉን ከሳቸው ተቀብለን ለወይዘሮ ሐናን እናስረክባለን። አሥራ አንድ ሰዓት ገና ነው።

ዓብዱልመጂድ፦ ረምዚ።

ረምዚ፦ አቤት።

ዓብዱልመጂድ፦ ያቺ ሴት አሮጊት አይደለችም። ሃምሳ አልሞላትም።

ረምዚ፦ ያውቋቸዋል እንዴ?

ዓብዱልመጂድ፦ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ የምትቆጥር፣ ስሟን የማትናገር፣ ያባትህን ስም ሦስቴ የምትጠይቅ። አንተ በስንተኛው እንደምትቆጣ ልታይ ነው። እኔ በሌለሁበት ሰዓት የመጣችውም ለዚሁ ነው።

ረምዚ፦ ማናት?

[ረምዚ ጣቶቹን እያጠፈ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። ፊቱ ይለዋወጣል። ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል።]

ረምዚ፦ አይሆንም።

ዓብዱልመጂድ፦ ሆኗል።

ረምዚ፦ ውሃ... ውሃ እንኳ አልሰጠኋትም።

ዓብዱልመጂድ፦ ጥቅሙን ነግረሃታል።

ረምዚ፦ አጎቴ፣ እባክህ ደውልላት። ልጁ ሁለት ሌሊት አልተኛም በላት። ታሟል በላት። ሀያን ካጣሁ እኔ ምን እሆናለሁ?

ዓብዱልመጂድ፦ አሁን አንተ አልከኝ። ሰርተፊኬቱ ለቀቀህ መሰለኝ።

[የዓብዱልመጂድ ስልክ ይጠራል። አይተው፣ ረምዚን አይተው፣ ያነሡታል።]

ዓብዱልመጂድ፦ [በስልክ] ወዐለይኩም ሰላም ሐናን። ... አዎ፣ አሁን ነገረኝ። ... አስተግፊሩላህ፣ እኔም አፍሬያለሁ። ... አምስቱንም? ... [ለረምዚ፣ ስልኩን ሸፍነው] ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ዝናብ፣ መርፌ፣ ሰኞ። ልክ ናቸው?

ረምዚ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ልክ ናቸው መሰለኝ።

ዓብዱልመጂድ፦ [በስልክ] ልክ ነሽ ይላል። ... ልጅ ነው፣ ሐናን፣ ልቡ ክፉ አይደለም። ልጅሽንም ከልቡ ነው የሚወዳት። ... እ። ... እ። ... ገባኝ። ምን እላለሁ እንግዲህ። ወሰላሙ ዐለይኩም።

[ስልኩን ይዘጋሉ። ኪሳቸው ይከቱታል።]

ረምዚ፦ ዕቃው?

ዓብዱልመጂድ፦ ዕቃው የራሷ ነው፤ አንድም አልጎደለባትም። አመሰግናለሁ ብላለች።

ረምዚ፦ አልሐምዱሊላህ። ተቆጥታለች?

ዓብዱልመጂድ፦ ምንም። እየሳቀች ነው ያነጋገረችኝ።

ረምዚ፦ ታዲያ ይቅር ብላኛለች ማለት ነው። ስለ ሀያስ ምን አለች?

ዓብዱልመጂድ፦ ደጋግሜ ጠየቅኳት። “ያ የተማረ ልጅ ስለ አንጎሌ የነገረኝ እውነት ነው፣ መረመርኩት” አለች።

ረምዚ፦ ምኑን?

ዓብዱልመጂድ፦ ሀያ የተወለደችበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ሰዓቱን፣ አዋላጇን፣ ሁሉንም። ባለፈው ሳምንት “ልጄን እሰጣለሁ” ያለችውን ግን ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።